እኛ ጋ ምን ፈንድቶ ነው?

ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ቻሉኝ። ኳስ የማትወዱም ብትሆኑ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ጉዳዩ የኳስ ብቻ አይደለም።

በቅርቡ ዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ ሳስተምር ስለ ስምጥ ሸለቆ ደረስን። እኛ ሆሳዕናዎች ከስምጥ ሸለቆው በስተምዕራብ ከፍ ብለን ነው የተቀመጥነው፤ ወደ ሀላባ ሲወረድ ቁልቁለቱን ልጆቹ ሁሉ ያውቁታል። መሬት እንደኛ አገር የሚሰነጠቅበት ሌላ ቦታ ማሳየት ነበረብኝና አይስላንድን ጠራሁ። እዚያ ግሪንዳቪክ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ አለች፤ ሕዝቧ 4 ሺህ እንኳ አይሞላም። ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ መሬቱ ከስር ሲናጥ ነዋሪው በሙሉ በአንድ ሌሊት ከተማውን ለቅቆ እንዲወጣ ተደረገ። ጥር ላይ ደግሞ እሳተ ጎሞራው ከተማው ጠርዝ ላይ ፈንድቶ ሦስት ቤት በላ።

ልጆቹ ዝም ብለው ይሰማሉ። እኔ ደግሞ የኳስ ነገር ካላነሳሁ አይሆንልኝም፣ ታውቁኛላችሁ። ከተማዋ በስሟ የሚጠራ የእግር ኳስ ክለብ አላት አልኳቸው። ክለቡ ከተማው ሲዘጋ አልፈረሰም። የ2024ቱን የውድድር ዓመት ዋና ከተማው ሬይኪያቪክ ውስጥ የሰው ሜዳ ላይ ተጫወተ። በሚቀጥለው ዓመት ግን፣ ማለትም እኛ 2017 ግንቦት በምንለው ጊዜ፣ አብዛኛው ሕዝብ ገና ወደ ቤቱ ሳይመለስ፣ ወደ ሜዳው ተመልሶ መጫወት ጀመረ። የተሰነጠቀ አስፋልት አጠገብ። አንድ ዓመት ብቻ ነው በስደት የቆየው።

ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ታዲያ እኛ ጋ ምን ፈንድቶ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን ጥያቄው አላስተኛኝም። ልጁ እኮ እውነቱን ነው። ሀዲያ ሆሳዕና ከተማው ሳይቃጠል፣ ሜዳው በእሳት ሳይበላ፣ አምስት ዓመት ሙሉ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በሆሳዕና አድርጎ አያውቅም።

ነገሩን ከመጀመሪያው እናስታውስ። ክለባችን ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሪሚየር ሊግ የገባው በ2008 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ወረድን፣ ከዳሸን ቢራ ጋር። ግን ያን ዓመት የማይረሳ አለ? ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ቡና፣ ሌሎቹም ትልልቅ ቡድኖች ተራ በተራ እኛ ከተማ መጡ። በቴሌቪዥን ያየነውን ተጫዋች በአይናችን አየን። አቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም የሚገባው ሰው ከጠዋት ጀምሮ መንገዱን ይሞላው ነበር። ቆሎ ሻጩ፣ ሊስትሮው፣ ጀበና ይዛ የምትወጣዋ እናት፣ ባጃጁ፣ ሆቴሉ፣ ሁሉም ከዚያች ዘጠና ደቂቃ ድርሻውን ያነሳል። ከሌሞ፣ ከሾኔ፣ ከጊምቢቹ በአይሱዙ ተጭኖ የሚመጣው ወጣት ደሞ ሌላ ነው። ተሸንፈንም እየዘፈንን ነበር የምንገባው።

ከዚያ በ2012 ተመለስን። መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ሊጉ ቆመ፤ በኋላም ያለ ሻምፒዮን፣ ያለ ወራጅ ተሰረዘ። በ2013 ውድድሩ ሲጀመር ክለቦቹ ሁሉ አንድ ከተማ ተሰብስበው እንዲጫወቱ ተወሰነ፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ትክክል ነበር። ወረርሽኝ ነው፣ ማንም አልተቃወመም። እኔም አልተቃወምኩም።

ኮሮናው አለፈ። ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ገበያው ተከፈተ፣ ለቅሶውም ሠርጉም በድንኳን ሞላ። የኳሱ አሠራር ብቻ እዚያው ቀረ። ባሕር ዳር፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፤ ከዚያ ደግሞ አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። በየዓመቱ «ለዘንድሮ» እየተባለ ይኸው አምስተኛ ዓመቱን ደፈነ። ነብሮቹ የእኛ ናቸው፣ ማልያው ላይ ስማችን አለ፤ እኛ ግን የምናያቸው ዲኤስቲቪ ቤት ከፍለን ነው። ጎረቤትህ የሚኖረው ልጅህን በስልክ እንደማየት ማለት ነው።

የእኛስ ይሁን፤ ቢያንስ በ2008 አይተናል። የዱራሜን ግፍ ማን ያንሳው?

ሀምበሪቾ ዱራሜ በ2016 ፕሪሚየር ሊግ ገባ። ለከምባታ የመጀመሪያው ነበር። ስሙን የወሰደው ከተራራው ነው፣ 777 ደረጃ ከተሠራለት ከሀምበሪቾ ተራራ። ያን ክለብ እዚያ ለማድረስ ስንት ዓመት ተለፋ! ስንት ሰው ካለችው ላይ አዋጣ! ታዲያ ሊጉ ሲጀመር ጨዋታው የት ሆነ? አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። በዚያው ዓመት ወረደ። ይኼን አስቡት እስቲ። ፕሪሚየር ሊግ ወደ ዱራሜ መጣ ተባለ፣ ከዱራሜ ሄደ ተባለ፤ ዱራሜ ግን አንድም የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ አላየችም። ሙሽራዋ ሳትመጣ ሠርጉ አልቆ ድንኳኑ ፈረሰ ማለት ይኼ ነው። በሜዳው፣ በሕዝቡ ፊት ቢጫወት ይተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። ዕድሉ ስላልተሰጠው ነው የማናውቀው።

እዚህ ጋ «መምህር፣ አንተ ስለ ኳስ አሠራር ምን ታውቃለህ» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ሦስት መልስ ይዘው ነው የሚመጡት። አንድ በአንድ እንየው።

አንደኛው የቴሌቪዥኑ ነገር ነው። ሊጉ በ2013 ከዲኤስቲቪ ጋር የአምስት ዓመት ውል ገባ፤ ዋጋው 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ተነገረ። ጨዋታው በቀጥታ መታየቱ ደስ ይላል፣ አልክድም። ካሜራና መኪና ይዞ በየሳምንቱ ስምንት ከተማ መዞር ውድ መሆኑም ይገባኛል። ግን አምስት ዓመቱ እኮ ሞላ! አሁን አዲስ ነገር የሚነጋገሩበት ጊዜ ነው። ሁሉንም ጨዋታ በየከተማው አድርጉት አላልኩም። በዓመት የተወሰነውን፣ አንዱን ዙር፣ ካልሆነም አምስት ጨዋታ ወደ ባለቤቱ ከተማ መመለስ እንዴት ያቅታል? ባዶ ወንበር የሚታይበት ቴሌቪዥንስ ለማን ይሸጣል? ሀዲያ ሆሳዕና ከሌላ የሩቅ ከተማ ክለብ ጋር አዳማ ላይ ሲጫወት ጥላ ፎቁ ላይ ስንት ሰው እንዳለ ሁላችንም በስክሪን አይተናል። የተጫዋቹ ጩኸት ከነ ማሚቶው ይሰማል።

ሁለተኛው «ሜዳችሁ ደረጃውን አያሟላም» የሚለው ነው። ይኼ እውነት አለው። ግን የአዳማው መብራት ከሰማይ አልወረደም፤ ተሠርቶ ነው። እኛስ? ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። በ1999ኙ ቆጠራ ብቻ ከተማዋ 70 ሺህ ያህል፣ ዞኑ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው፤ ዛሬማ ስንት እንደሆነ ገበያ ወጥቶ ማየት ነው። አይስላንድ የሚባለው አገር በሙሉ ከሀዲያ ዞን ሲሶ ቢሆን ነው። ያ አገር በ2008 ሰኔ፣ እኛ መውረዳችንን በምንቆዝምበት ሰሞን፣ በአውሮፓ ዋንጫ እንግሊዝን 2 ለ 1 አሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላም ዓለም ዋንጫ ገባ። ምን አድርገው? ክረምታቸው በረዶ ስለሆነ የተሸፈነ ሜዳ በየከተማው ሠሩ፤ ሕፃናትን የሚያሠለጥነው ሰው የሠለጠነ እንዲሆን አደረጉ። ተአምር የለውም። የእኛ ሰማይ ደግሞ በረዶ አያዘንብም፤ ሣሩ ራሱ ይበቅላል፣ የሚያጥረው የሚንከባከበው ነው።

ለነገሩ በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። ብሔራዊ ቡድናችንም ቢሆን ካፍ የባሕር ዳሩን ስታዲየም ካገደበት ከ2014 ጀምሮ «የሜዳውን ጨዋታ» ሰው አገር ነው የሚያደርገው። ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ያ ቀን፣ ሰኔ 2014፣ ማላዊ ሊሎንግዌ ነበር። እንደዚያ ያለ ደስታ ስንት ዓመት ቆይቶ ይገኛል? እሱንም በሰው ቤት በላነው። ከላይ እስከ ታች ቤት የሌለን ሆነናል፤ ክፉው ነገር ደግሞ መልመዳችን ነው።

ሦስተኛው መልስ የጸጥታው ነው። ይኼ ከባዱ ነው፣ አልሸሸውም። ከኮሮና በፊት በነበሩት ዓመታት ስታዲየሞቻችን የብሔር ጸብ መወጫ ሆነው ነበር። ድንጋይ ተወርውሯል፣ ሰው ተጎድቷል፣ የትግራይና የአማራ ክለቦች ሲገናኙ በገለልተኛ ሜዳ እስከመጫወት ተደርሷል። እኛም መላእክት አልነበርንም። ዳኛ ስንሰድብ፣ ጠርሙስ ስንወረውር የነበርን እኛው ነን፤ እኔም ከመካከላችሁ ነበርኩ። ስለዚህ «ሰላም ይቀድማል» የሚለውን ሰው አከብረዋለሁ። ግን ጥፋተኛን መቅጣት ሌላ፣ ሕዝብን በሙሉ ከሜዳው ማባረር ሌላ ነው። ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ሲያስቸግረኝ እሱን አስወጣዋለሁ እንጂ ትምህርቱን አምስት ዓመት አልዘጋም። ደጋፊ ካጠፋ ክለቡ ይቀጣ፣ ሜዳው ለሁለት ሦስት ጨዋታ ይዘጋ። ሕግ አለው። ምንም ሳናጠፋ በቅድሚያ ዕድሜ ልክ መፈረድ ግን ከየት የመጣ ሕግ ነው?

እሺ። እስካሁን ሊጉን ወቀስኩ። ሊጉን ብቻ ወቅሶ መቀመጥ ግን ፍርሃት ነው። የምናደደው በዚህኛው ነው፣ በደንብ አንብቡት።

የፕሪሚየር ሊጉ አክሲዮን ማህበር ባለቤት ማነው? ክለቦቹ ናቸው። ሀዲያ ሆሳዕናም ባለድርሻ ነው። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ የእኛም ሰው ወንበር ይዞ ይቀመጣል፣ እጁን ያወጣል። ታዲያ በአምስት ዓመት ውስጥ «ሕዝቤ ቡድኑን ማየት ይፈልጋል፤ መቼ ነው የምንመለሰው» ብሎ ጠይቆ፣ ያገኘውን መልስ ይዞ ወደኛ የመጣ አለ? እኔ አልሰማሁም። ሰምታችሁ ከሆነ ከታች ጻፉልኝ፣ በይፋ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። አጥራችን የተነቀነቀው ባለቤቶቹ ዝም ስላልን ነው።

ዝምታው ደግሞ የሚጠቅመው ሰው እንዳለ እጠረጥራለሁ። ቡድን በሜዳው ሲጫወት ሕዝብ ኦዲተር ነው። ማን ለፋ፣ ማን ተኛ፣ ማን በዝምድና ተሰለፈ፣ ማን በስንት ብር ተገዝቶ ወንበር ያሞቃል፣ የሆሳዕና አሮጊት ሳትቀር ታውቃለች። ሩቅ ሲሆን ግን ማን ያያል? ወራት ሙሉ ሆቴል፣ አበል፣ ነዳጅ፣ ፊርማ፤ ሒሳቡን የሚጠይቅ የለም። ትዝ ይላችሁ እንደሆነ በ2011 ክረምት የተጫዋች ደሞዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተስማምተው ነበር። ከዚያ ወዲህ የተጫዋች ዋጋ ወረደ ወይስ ጨመረ? መልሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

እኔ መምህር ነኝ። ዲፕሎማዬን ይዤ ጠመኔ ስጨብጥ ይኼው ከአሥር ዓመት በላይ ሆነኝ። ደሞዜን ብነግራችሁ ለኔ ታፍራላችሁ። እሷም ብትሆን በሰዓቷ ያልመጣችባቸው ወራት ነበሩ፤ ባለሱቁ ዱቤ መዝገቡን ሲገልጥ መንገድ የቀየርኩበት ቀን አለ። በነዚያ ወራት አንድ የሥራ ባልደረባዬ መምህራን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ «ይኼን ክለብ ዘግተው ገንዘቡን ለኛ አይሰጡንም?» አለ። ብዙዎቹ ተስማሙበት። እኔ አልተስማማሁም፤ ዛሬም አልስማማም። ግን ሰውየው ተሳስቷል ለማለት የሚያስችል መልስ አጣሁ። ምን ልበለው? «ክለቡ የከተማው ደስታ ነው» እንዳልል ከተማው ውስጥ የለም። «ለነጋዴው ገቢ ያመጣል» እንዳልል ገቢውን የሚያገኙት የአዳማና የድሬዳዋ ሆቴሎች ናቸው። «ለልጆቻችን አርአያ ነው» እንዳልል ልጆቻችን አላዩትም። የክለቡን ጠበቃ ምላሱን የቆረጠው ይኼ አሠራር ነው። እንደ አብዛኞቹ የአገራችን ክለቦች በሕዝብ ገንዘብ ቆሞ የሚሄድ ቡድን ለሕዝቡ ካልታየ፣ ነገ «ይዘጋ» የሚለው ድምፅ ሲበረታ ማን ሊቆምለት ነው?

ልጆቹን ካነሳሁ አይቀር ልጨርሰው። አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ ክፍሌ ይሳሳል። የት እንደሄዱ አልጠይቅም፣ ስለማውቀው ነው። መንገዱ በሞያሌ፣ በኬንያ፣ በታንዛንያ፣ በማላዊ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ነው። ሆሳዕና ላይ ያለው ፎቅ ምን ያህሉ በዚያ መንገድ እንደተሠራ፣ በዚያው መንገድ ስንቱ እንደቀረ ሁላችንም በየቤታችን እናውቃለን። አንድ ክለብ ስደትን ያስቆማል ብዬ አልሞኝም። ኳስ ዳቦ አይሆንም። ግን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ «እዚህም ሆኜ ሰው መሆን እችላለሁ» ብሎ እንዲያስብ የሚያደርገው አንድ የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል። ሰፈሩ ውስጥ ያደገ ልጅ ማልያ ለብሶ፣ በሠላሳ ሜትር ርቀት፣ ስሙ ሲጠራ ማየት ያስፈልገዋል። እኛ ምን አሳየነው? ጥሩ ነገር ሁሉ ያለው ሌላ ቦታ እንደሆነ። ክለባችን ራሱ ተሰድዷል እኮ! ደህና የሆነ ሁሉ የሚሄድባት ከተማ ውስጥ ቡድኑም ሄዷል። ልጁ ከዚህ ምን ይማር?

ስለዚህ የምጠይቀው ይኼ ነው።

የሚቀጥለው የሊጉ ጉባኤ ላይ የክለባችን ተወካይ የመመለሻ ጊዜ ሰሌዳ ይጠይቅ፣ የጠየቀውንም በይፋ ይንገረን። ብቻውን ድምፁ አይሰማ ይሆናል። ግን እንደኛ በገዛ ከተማው የማይጫወተው ክለብ ብዙ ነው፤ አርባ ምንጭም አለ፣ ወላይታ ድቻም አለ። ተባብሮ መጠየቅ ነውር የለውም።

አቢዮ ኤርሳሞ ምን እንደሚጎድለው በዝርዝር ይለጠፍ። ሣሩ ነው? መልበሻ ክፍሉ ነው? መብራቱ ነው? ስንት ብር ነው? መቼ ያልቃል? የጎደለው ከታወቀ ይኼ ሕዝብ እጁን የሚሰበስብ አይደለም፤ ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድማችን ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሲልክ፣ ለመንገድ ሲልክ አይተናል። ግን ከመላኩ በፊት የባለፈውን ሒሳብ ማየት ይፈልጋል፤ መብቱ ነው።

ያ እስኪሆን ድረስ ደግሞ አንድ ቀላል ነገር፦ ሊጉ ሲያርፍ ቡድኑ ይምጣና የወዳጅነት ጨዋታ ያድርግልን። ከዱራሜ ልጆች ጋር ይሁን፣ ከሺንሺቾ ጋር ይሁን፣ ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋርም ይሁን። ተማሪዎቼን በሰልፍ ይዤ እመጣለሁ። ለዚህ የዶላር ውል አያስፈልግም፤ አንድ አውቶቡስና ትንሽ አክብሮት ይበቃል።

ግሪንዳቪኮች ወደ ሜዳቸው ሲመለሱ ከተማቸው ገና አልዳነም ነበር። «ሰው ሲመለስ እንመለሳለን» አላሉም፤ ሰው እንዲመለስ ቀድመው ተመለሱ። እኛ ሕዝቡ አለን፣ ሜዳው አለን፣ ሰማዩ ሰላም ነው።

ልጁ ጥያቄውን ከጠየቀኝ ወዲህ ኮሪደር ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ቲቸር መልሱ ደረሰ?» እያለ ይስቅብኛል። መልሱ የእኔ አይደለም። መልሱ ያላችሁ ሰዎች ይኼን ጽሑፍ እንደምታነቡት አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ጓደኞቼ ናችሁ፣ አንዳንዶቻችሁን ደሞ አስተምሬያችኋለሁ።

በሉ፣ ልጁ እየጠበቀ ነው። እኛ ጋ ምን ፈንድቶ ነው?

(ስድብ ያለው በውስጥ መስመር ይላክልኝ፣ ሐሳብ ያለው እዚሁ ኮመንት ላይ ይጻፍ። የተስማማ ሼር ያድርግ፤ በተለይ ለዱራሜ ወንድሞቻችን አድርሱልኝ።)